በሰው አገር የተሠራበት ዓመት እንዳይጠፋ

(ለአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናት ተወካዮችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች በተደረገ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



 እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «በውጭ አገር የሚኖሩ ዜጎች የማኅበራዊ ዋስትና መብት» የሚል ነው። ርእሱ ሲሰማ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ይመስላል። እኛም ከጥቂት ዓመታት በፊት እንደዚያ ነበር የምናስበው። የእኛ ሥራ ምንጭ ማጎልበት፣ ዘር ማከፋፈል፣ የተቸገረውን መርዳት ነው፤ የጡረታ ነገር ግን የባለ ሥልጣን ነው እንል ነበር። ይህን አሳባችንን ያስለወጠችን አንዲት እኅት ናት፤ ስለዚህ ንግግራችንን ከእርስዋ እንጀምራለን።

ይህች እኅት ከ2016 እስከ 2023 ድረስ በኩዌት በአንድ ቤት ውስጥ ሠራች። ዛሬ የምንጠቅሳቸውን ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን፤ የውጭ አገር ወረቀት ሁሉ የሚጻፈው በዚያ ነውና። በሄደችበት ጊዜ መንግሥታችን ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዐረብ አገሮች መሄድን ከልክሎ ነበር፤ ክልከላውም ከ2013 እስከ 2018 ቆይቶአል። ስለዚህ የሄደችው በደላላ በኩል ነው፤ በአገር ቤት የተመዘገበ የሥራ ውል አልነበራትም። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ልጆች አሳደገች፣ አንዲት አሮጊት አስታመመች፣ ከደመወዝዋም የወንድሞችዋን ትምህርት ከፈለች። በመጨረሻ ወገብዋን ታማ ሥራው ሲከብዳት አሠሪዋ ትኬት ቈርጣ ወደ አገርዋ ሸኘቻት። እቤት ስትገባ የያዘችው አንድ ሻንጣና የመጨረሻውን ወር ደመወዝ ብቻ ነበር።

የአጥቢያችን የዕርዳታ ኮሚቴ ሁኔታዋን ሰምቶ ስምዋን በችግረኞች መዝገብ ላይ ጻፈ። ሃያ አምስት ኪሎ የስንዴ ዱቄትና ሦስት ሊትር ዘይት ይዘን ጠየቅናት፤ ጸለይንላትም። ልንወጣ ስንነሣ እንዲህ አለችን፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ሠርቼ ነው የመጣሁት። የሠራሁበት የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅልኝ ሰው የለም ወይ?»

በዚያን ቀን መልስ አልነበረንም። ዱቄቱን አስቀምጠን፣ አንገታችንን ደፍተን ወጣን። ጥያቄዋን ሳንመረምር ብዙ ወራት አለፉ። በኋላ ስንጠይቅና ስናነብ፣ ኩዌት በ2015 ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ሕግ (ቁጥር 68) መሠረት አንዲት የቤት ሠራተኛ ውልዋ ሲያበቃ ለሠራችበት ለእያንዳንዱ ዓመት የአንድ ወር ደመወዝ የስንብት ክፍያ እንደሚገባት ተረዳን። እኅታችን በወር 90 ዲናር ታገኝ ነበር። ሰባት ዓመት ሰባት ወር ነው፤ በድምሩ 630 ዲናር። እኛ ችግረኛ ብለን በመዝገብ የጻፍናት ሰው ባለ ገንዘብ ነበረች። ችግርዋ ገንዘብ ማጣት ብቻ አልነበረም፤ ገንዘቡ የእርስዋ መሆኑን የሚነግራት አለማግኘትዋም ነበር።

በዚያው ሰሞን ሌላ ነገር ተመለከትን። ከአጥቢያችን ሩቅ ሳይሆን አንዲት እናት ይኖራሉ። እርሳቸውም የቤት ሠራተኛ ነበሩ፤ ከ1998 እስከ 2012 በሮም ከተማ ሠርተው ተመልሰዋል። በ2022 ዕድሜያቸው 67 ሲሞላ ከጣሊያን አገር ወርኃዊ ጡረታ ይደርሳቸው ጀመር። ብዙ አይደለም፤ ነገር ግን የቤት ኪራይና የመድኃኒት ይሆናቸዋል። «እማማ፣ ይህን እንዴት አገኙት?» ብለን ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ ወረቀቴን ከእጄ አላወጣሁም» አሉን። ከዚያም ከአልጋቸው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አውጥተው አሳዩን። የደመወዝ ደረሰኝ፣ የመዋጮ ደረሰኝ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቅጂ፣ ሁሉም በዓመት በዓመቱ በክር ታስሮ ተቀምጦአል።

ሁለቱም ሴቶች አንድ ዐይነት ሥራ ሠርተዋል። ሁለቱም የሰው ወለል ጠርገዋል፣ የሰው ልጅ አዝለዋል። የአንዲቱ ዓመት ተቈጥሮ እርጅናዋን ይደግፋል፤ የሌላዪቱ ዓመት እንደ ውኃ ፈሰሰ። ልዩነቱ ከምን መጣ? ከሁለት ነገሮች ነው፤ ከአገሩ ሕግና ከወረቀቱ። ሕጉን እኛ አላወጣነውም፣ ዛሬም ልንለውጠው አንችልም። በወረቀቱ ነገር ግን አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ልትሠራ ትችላለች። የዛሬው መልእክታችን ይህ ነው።

ማኅበራዊ ዋስትና ምንድን ነው?

ሰው ጤነኛና ጎልማሳ ሳለ ከደመወዙ ጥቂት ይቀነስበታል፤ አሠሪውም ይጨምርበታል። ይህ መዋጮ ይጠራቀምና ሠራተኛው ሲያረጅ፣ ሲታመም፣ በሥራ ላይ ሲጎዳ፣ ሥራ ሲያጣ ወይም ሲሞት ለእርሱ ወይም ለቤተ ሰቡ ይከፈላል። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1952 ባወጣው ስምምነት ቁጥር 102 ዘጠኝ ክፍሎች ይቈጥራል፤ እነዚህም ሕክምና፣ የሕመም ጊዜ ክፍያ፣ የሥራ አጥነት፣ የእርጅና፣ የሥራ ላይ ጉዳት፣ የቤተ ሰብ፣ የወሊድ፣ የአካል ጉዳትና የተተኪዎች አበል ናቸው። በ1948 የታወጀው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫም በአንቀጽ 22 ላይ ማንኛውም ሰው የኅብረተ ሰብ አባል እንደ መሆኑ ማኅበራዊ ዋስትና የማግኘት መብት እንዳለው ያውጃል።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ልብ እንድትሉ እንለምናችኋለን። ይህ ገንዘብ ምጽዋት አይደለም። የሠራተኛው ደመወዝ ክፍል ነው፤ የሚከፈልበት ቀን ብቻ ዘግይቶአል። ሩት ከሞዓብ ምድር ወጥታ በሰው አገር በእርሻ ስትቃርም የበላችው በቦዔዝ ቸርነት ብቻ አልነበረም። ለመጻተኛውና ለመበለቲቱ ቃርሚያው እንዲተው አስቀድሞ ሕግ ተሠርቶ ነበር። ቦዔዝ ደግ ሰው ነበረ፤ ነገር ግን ደግ ባይሆንም እንኳ ቃርሚያው የእርስዋ ነበር። በዕርዳታ ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ይህን ብንረሳ የሰውን መብት ወስደን በዱቄት እንለውጣለን።

አገሮች የውጭ ሠራተኛን እንዴት ይቈጥራሉ?

ወገኖቻችን በሄዱባቸው አገሮች ያለውን አሠራር በአራት ዐይነት ከፍለን ብናየው ለማስታወስ ይቀለናል።

አንደኛው ዐይነት፣ ዓመቱ ተቈጥሮ ሰውየውን ወደ አገሩ የሚከተልበት ነው። በጣሊያን የቤት ሠራተኛ አሠሪ በየሦስት ወሩ ለጡረታ መሥሪያ ቤቱ፣ ኢንፕስ ለሚሉት፣ መዋጮ ይከፍላል። ሥራው ሲያበቃም ሊኩዊዳሲዮኔ የሚሉት፣ በዓመት ወደ አንድ ወር ደመወዝ የሚጠጋ የስንብት ገንዘብ አለ። በተለምዶ የእርጅና ጡረታ ለማግኘት 20 ዓመት መዋጮ ያስፈልጋል። ነገር ግን በ2002 በወጣው ሕግ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሆነ ሠራተኛ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ከገባ፣ መዋጮው የጀመረው ከ1996 ወዲህ ከሆነ፣ ዕድሜው ሲደርስ 20 ዓመት ባይሞላውም ያጠራቀመውን ያህል ጡረታ ይሰጠዋል። እማማን ያገኛቸው ይህ ሕግ ነው። ብዙዎች ግን «ሃያ ዓመት አልሞላኝም» ብለው ሳይጠይቁ ቀርተዋል።

የአሜሪካም ሶሻል ሴኩሪቲ በዚሁ ዐይነት ውስጥ ይገባል። በዓመት ቢበዛ አራት ነጥብ ይቈጠራል፤ ለእርጅና ጡረታ 40 ነጥብ፣ ማለትም ቢያንስ የዐሥር ዓመት ሥራ ያስፈልጋል። ስምንት ዓመት የሠራ ሰው ነጥቡ አይሰረዝም፤ በመዝገብ ላይ ይቈያል፤ ተመልሶ ሁለት ዓመት ቢሠራ ይሞላለታል። የአሜሪካ ዜግነት ያለው ሰው ጡረታውን ወደ አገራችን መጥቶ ሊቀበል ይችላል። ዜግነት የሌለው ግን ከስድስት ወር በላይ ከአሜሪካ ውጭ ከቈየ፣ ሕጉ ከሚፈቅድላቸው ወገን ካልሆነ በቀር፣ ክፍያው ይቋረጣል፤ ስለዚህ ሳይነሣ መጠየቅ አለበት።

ሁለተኛው ዐይነት፣ መዋጮው የሚመለስበት ነው። በጀርመን አገር ለጡረታ ቢያንስ አምስት ዓመት መዋጮ ያስፈልጋል። ይህ ያልሞላለትና ከጀርመን ጋር የዋስትና ስምምነት የሌለው አገር ዜጋ፣ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥቶ፣ የመዋጮ ግዴታው ካበቃ ከ24 ወር በኋላ ቢያመለክት የራሱን መዋጮ ድርሻ ሊመለስለት ይችላል። የአሠሪው ድርሻ አይመለስም። ልብ በሉ፤ ማንም ፈልጎ አይሰጠውም፤ ማመልከት አለበት።

ሦስተኛው ዐይነት፣ ጡረታ ሳይኖር ሥራው ሲያበቃ አንድ ጊዜ የሚከፈል የስንብት ገንዘብ ያለበት ነው። በባሕረ ሰላጤው አገሮች የጡረታው ሥርዓት በመሠረቱ ለአገሩ ተወላጆች የተሠራ ነው። በኩዌት ለቤት ሠራተኛ በዓመት የአንድ ወር፣ በቀጠር በ2017 በወጣው ሕግ በዓመት ቢያንስ የሦስት ሳምንት ደመወዝ ሲሰናበቱ ሊከፈላቸው ይገባል። ይህ ገንዘብ የሚጠየቀው በዚያው አገር፣ ከአውሮፕላን ከመሳፈር በፊት ነው። ኤርፖርት ከደረሱ በኋላ በእጅ የሚገባበት መንገድ እጅግ ጠባብ ነው።

አራተኛው ዐይነት ምንም የሌለበት ነው። በሊባኖስ የ1946 የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ ያደርጋል። ይህ ምን እንደሚያስከትል በ2020 ሁላችንም አየን። የአገሩ ገንዘብ ሲወድቅና በሽታው ሲስፋፋ አንዳንድ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው በቤይሩት በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። ብዙዎቹ ያልተከፈለ ደመወዝ ነበራቸው። የሥራ አጥ አበል፣ የሕመም አበል፣ ስንብት የሚባል ነገር አልነበረም።

ስለ ዓመት መደመር

አንድ ሰው በሁለት አገር ሠርቶ በሁለቱም ዓመቱ ባይሞላለትስ? በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ ለዚህ መልስ አለ። በጣሊያን አራት ዓመት፣ በጀርመን ሦስት ዓመት የሠራ ሰው ዓመቱ ተደምሮ ሰባት ይሆንለትና እያንዳንዱ አገር እንደ ድርሻው ይከፍለዋል። ይህ በ2004 በወጣው ደንብ የተሠራ ሲሆን፣ በ2010 በወጣው ሌላ ደንብ በሕጋዊ መንገድ በዚያ ለሚኖሩ የሌላ አገር ዜጎችም እንዲደርስ ተደርጎአል። አሜሪካም ከጣሊያን ጋር በ1978 ሥራ ላይ ከዋለው ስምምነት ጀምሮ ከብዙ አገሮች ጋር ዓመት የሚደመርበት ውል አላት። ከኢትዮጵያ ጋር ግን እንዲህ ያለ ውል የላትም።

ይህ በእኛ ሰዎች ላይ ምን ያደርጋል? በአገራችን በግል ድርጅት ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው በ2011 በወጣው በአዋጅ ቁጥር 715/2003፣ በኋላም በተተካው በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ለጡረታ ይዋጣለታል፤ ሠራተኛው 7፣ አሠሪው 11 ከመቶ። ወርኃዊ የእርጅና ጡረታ ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። እንግዲህ አንድ ወንድም እዚህ ስምንት ዓመት፣ በአሜሪካ ስድስት ዓመት ቢሠራ፣ በድምሩ ዐሥራ አራት ዓመት መዋጮ ከፍሎአል። ነገር ግን ስምንቱ እዚህ አይሞላም፣ ስድስቱም እዚያ አይሞላም። ሁለት ገመድ አለው፤ ሁለቱም ጕድጓዱ ውኃ ድረስ አይደርሱም። ገመዶቹን የሚቀጥለው የመንግሥታት ስምምነት ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1982 ስምምነት ቁጥር 157ን ያወጣው ለዚህ ነበር፤ ያጸደቁት አገሮች ግን በጣም ጥቂት ናቸው።

ለዚህ ነው ከመሄዱ በፊት ወይም ከመመለሱ በፊት ለሚመክራችሁ ሰው «ስንት ዓመት ሠርተሃል?» የሚለውን ጥያቄ አስቀድማችሁ ጠይቁ የምንላችሁ። ዘጠኝ ዓመት ከሠራ በኋላ «ደከመኝ፣ ልግባ» የሚል ወንድም አንድ ዓመት ቢታገሥ የዕድሜ ልክ ጡረታ ሊኖረው እንደሚችል ካላወቀ፣ ያ አንድ ዓመት ብዙ ያስከፍለዋል።

ስለ አንድ ሽማግሌ

ሌላ ምሳሌ እንጨምር። አንድ አባት በዋሽንግተን ከተማ መጀመሪያ በመኪና ማቆሚያ፣ በኋላም በታክሲ ሥራ ብዙ ዓመት ሠርተው፣ ዜግነትም አግኝተው፣ ጡረታቸውን ይዘው ወደ አገር ቤት ገቡ። በውጭ አገር ለሚኖሩ ባለ ጡረታዎች መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው የመጠይቅ ቅጽ ይልካል፤ በሕይወት አሉ ወይ፣ የሚሠሩት ሥራ አለ ወይ የሚል ነው። ቅጹ የተላከው በድሮ አድራሻቸው፣ በልጃቸው ቤት ነበር። ልጁም እንደ ማስታወቂያ ወረቀት ቈጥሮ አኖረው። ክፍያው ቀጥ አለ። አባታችን «አሜሪካኖች ከዱኝ» ብለው አዘኑ፤ ወራትም በብድር ኖሩ። አንድ የፕሮጀክታችን ጸሐፊ ቅጹን አስመጥቶ አስሞላቸው፤ ከብዙ ደብዳቤ በኋላ ክፍያው ተለቀቀ። ማንም አልከዳቸውም፤ አድራሻ ሳያስለውጡ መምጣታቸው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በአሜሪካ ለአቅመ ደካሞች በችግራቸው መጠን የሚሰጥ ሌላ ድጎማ አለ፤ ኤስ ኤስ አይ ይሉታል። ይህ በሥራ ዓመት የተገኘ ጡረታ አይደለም፤ ሰውየው 30 ቀን ከአገሩ ውጭ ከቈየ ይቋረጣል። ሜዲኬር የሚሉት ሕክምናም በአብዛኛው ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም። እናቱን «ነይ፣ አገርሽ ግቢ» ብሎ የሚጠራ ልጅ ሁለቱን ለይቶ ይወቅ። እኛም ለአንድ ቤተ ሰብ ሳንለይ መክረን ስለምናውቅ ነው ይህን የምንናገረው። ምክራችን ከፍቅር የመጣ ነበር፤ ነገር ግን እናቲቱ በምክራችን ድጎማቸውን አጥተዋል።

ስለ ስምና ስለ ልደት ቀን

በምንሠራበት አካባቢ መብት ከሚጠፋበት ምክንያት ሁሉ ይልቅ የሚበዛው ይህ ነው። የእኛ አጠራር የራስ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው። ፈረንጁ የመጨረሻውን ስም የቤተ ሰብ ስም ነው ብሎ ይወስዳል። ስለዚህ አንዱ ሰው በአንዱ ወረቀት በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ይመዘገባል። በላቲን ፊደል ሲጻፍም አንድ ስም ሦስት ዐይነት ይሆናል። ከዚህ የከፋው ደግሞ ደላላ ዕድሜ የቀየረበት ፓስፖርት ነው። የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ የሃያ ሦስት ተብላ ትሄዳለች፤ ሲያረጁ የትኛው ልደት ትክክል እንደ ሆነ ማስረዳት ጭንቅ ነው። የእኛን አቆጣጠርና የአውሮፓውያንን ማደባለቅም የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ያመጣል። በእኛ 1960 የተወለደ ሰው በስሕተት በፈረንጁ 1960 ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል።

ስለዚህ የክርስትና ስም ሰጪዎችም ሆናችሁ መዝገብ ያዦች፣ የምትጽፉት ወረቀት ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሌላ አገር መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ ሊቀርብ እንደሚችል አስቡ። የጋብቻና የልጆች ልደት ማስረጃም እንዲሁ ነው። ባል በውጭ አገር ቢሞት ሚስቱና ልጆቹ የተተኪ አበል ለመጠየቅ የሚያስፈልጋቸው ይኸው ወረቀት ነው። በሽማግሌ ፊት የተጋባን ነን ማለት በሰው አገር መሥሪያ ቤት አይበቃም፤ ጋብቻው በመንግሥት መዝገብ ይጻፍ።

ከአጥቢያዎችና ከፕሮጀክት ሠራተኞች የምንጠይቀው

እንግዲህ ምን እናድርግ? ገንዘብ የማይጠይቁ አምስት ነገሮችን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ከአጥቢያችሁ ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ሲኖር በጸሎት ብቻ አትሸኙት። የፓስፖርቱን፣ የውሉንና የቪዛውን ቅጂ ተቀብላችሁ፣ የአሠሪውን ስም፣ ከተማውንና ስልኩን ጽፋችሁ በአጥቢያው ጽሕፈት ቤት በታሸገ ፖስታ አስቀምጡ። ፖስታውን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ማንም አይክፈተው።

ሁለተኛ፣ በዚያ ላለው ሰው በየጊዜው ስትደውሉ ደኅንነቱን ከጠየቃችሁ በኋላ ስለ ደመወዙ ደረሰኝም ጠይቁት። ዛሬ ሁሉም ስልክ ይዞአል፤ ደረሰኙን፣ የመኖሪያ ፈቃዱን ወይም ኢቃማውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለቤተ ሰብ ይላክ። ደረሰኝ የማይሰጠው ከሆነ ደመወዝ የተቀበለበትን ቀንና መጠን በደብተር ይጻፍ።

ሦስተኛ፣ ልመለስ ነው የሚል ሲኖር አራት ጥያቄ ጠይቁት፤ ስንት ዓመት ሠራህ? መዋጮ ተከፍሎልሃል ወይ? የስንብት ክፍያ አለህ ወይ? አድራሻህን ለጡረታው መሥሪያ ቤት አስታውቀሃል ወይ? መልሱን ካላወቀ ከመሳፈሩ በፊት ይጠይቅ። በጣሊያን ፓትሮናቶ የሚባሉ ሠራተኛን የሚረዱ ቢሮዎች አሉ፤ በሌሎች አገሮችም የሠራተኛ ማኅበሮች፣ የኤምባሲያችን የሠራተኛ ጉዳይ ኀላፊዎች፣ በዚያ ያሉ የአማርኛ ተናጋሪ ጉባኤዎች አሉ።

አራተኛ፣ ሳይከፈለው የመጣ ሰው ካለ ቶሎ ሁኑ። ለጥያቄ የጊዜ ገደብ አለው፤ ዛሬ ነገ ሲባል ይዘጋል። በዚያ አገር የሚከራከርለት ሰው ለመወከል በሕግ የተረጋገጠ የውክልና ወረቀት ያስፈልጋል። ጉዳዩን «ጕልበትህን እግዚአብሔር ይክፈልህ» ብሎ መዝጋት የቤተ ክርስቲያን ሥራ አይደለም። የሠራተኛን ደመወዝ ያስቀረ ሰው እግዚአብሔር እንደሚሰማበት እያስተማርን፣ ሰሚ ስንሆን ዝም ማለት አይገባንም።

አምስተኛ፣ በዕርዳታ መዝገባችን ላይ አንድ ዐምድ እንጨምር። የተቸገረ ሰው ስም ስንጽፍ «ምን ይፈልጋል?» ከሚለው አጠገብ «ምን ይገባዋል?» የሚል ይኑር። እኛ በፕሮጀክታችን ጀምረነዋል። ሥራው ይበዛል፤ አንዱን ሰው ለመጠየቅ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ካነጋገርናቸው ተመላሾች መካከል የማያውቁት መብት የነበራቸው ጥቂቶች አልነበሩም።

ስለ መንግሥታት ደግሞ አንድ ቃል እንበል። አገር ዜጋው ድንበር ሲሻገር ዋስትናውን ሊያስከትለው ይችላል። ፊሊፒንስ በ2018 ባጸደቀችውና በ2019 በተፈረመው ሕግ በውጭ አገር የሚሠሩ ዜጎችዋ በአገራቸው ማኅበራዊ ዋስትና ውስጥ በግዴታ እንዲመዘገቡ አድርጋለች። በኩዌት ያለች የፊሊፒንስ ሴትና በኩዌት ያለች የእኛ ሴት በአንድ ማእድ ቤት ጎን ለጎን ይሠሩ ይሆናል፤ አንዲቱ ግን በአገርዋ መዝገብ ላይ ዓመትዋ ይጻፋል። የእኛ የግል ድርጅት ጡረታ አዋጅ የሚመለከተው በአገር ውስጥ ድርጅቶች የተቀጠሩትን ነው። ሽማግሌዎቻችንና መሪዎቻችን ከባለ ሥልጣኖች ጋር የመነጋገር ዕድል ሲያገኙ፣ በውጭ አገር ለሚደክሙት እኅቶች ዓመት የሚቈጠርበት መንገድ እንዲፈለግ በትሕትናና በግልጽ ቢናገሩ መልካም ነው።

በመጨረሻ ስለዚያች እኅት እንንገራችሁ። በእርስዋ ስም ማመልከቻ ጽፈን፣ ውክልናም አዘጋጅተን ወደ ኩዌት ላክን። ነገር ግን የያዘችው ማስረጃ አንድ ያለፈበት ኢቃማና የገንዘብ መላኪያ ደረሰኞች ብቻ ነበሩ፤ የአሠሪዋ ስልክ ተቀይሮአል፤ ጊዜውም ሄዶአል። እስከ ዛሬ የመጣ መልስ የለም። ይህን ስንነግራት ጥቂት ዝም ብላ፣ «እንኳን ጠየቃችሁልኝ» አለች። ከዚያ በኋላ በአጥቢያዋ ለመሄድ የሚዘጋጁ ልጃገረዶች ሲኖሩ እየጠራናት ታነጋግራቸዋለች። ንግግርዋ አጭር ነው፤ የደረሰባትን ትነግራቸዋለች፤ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው እንዲሄዱም ታዛቸዋለች።

630 ዲናሩን አላስመለስንላትም። በዱቄቱ ቀን ጥያቄዋን ሰምተን ተነሥተን ቢሆን ኖሮ ምናልባት እናስመልስ ነበር። ይህ በእኛ ላይ የቀረ ዕዳ ነው። እናንተ ወደየአጥቢያችሁ ስትመለሱ በዚህ ዓመት ከውጭ አገር የገባ ሰው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ። እቤቱ ሂዱ፤ ዱቄቱንም ያዙ፤ ነገር ግን ተቀምጣችሁ ስንት ዓመት እንደ ሠራ ጠይቁት፤ የሚነግራችሁንም ጻፉ።